የወይዘሮ አሰፋች ቤት ዋጋ

«ላስብበት» የሚለውን ቃል እጠላዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ተወልጄ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ «ላስብበት» ብሎ የወጣ ደንበኛ የሚያስበው ጎረቤት ሱቅ ገብቶ እንደሆነ አውቃለሁ። የጎባዋ ወይዘሮ አሰፋች ቤታቸውን ዞሬ አይቼ የጽዳቱን ዋጋ ስነግራቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ሮቤ ባለው የባለቤቴ የወንድዬ ሱቅ ውስጥ ከባልዲው ወደ ጀሪካኑ፣ ከጀሪካኑ ወደ በሩ እመላለሳለሁ። ጥር ነው፤ ስንዴው ተወቅቶ ነፋሱ ገለባውን ከተማ ድረስ ያመጣዋል። ጠርጌ ሳልጨርስ ይመለሳል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ፤ ደንበኛ አስፈራሽ እኮ» አለኝ ወንድዬ።

ሥራዬ ቤት ማጽዳት ነው። አዲስ ተሠርቶ ያለቀ ቤት፣ ተከራይ የለቀቀው ቤት፣ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት እናጸዳለን። ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ ሌንሳ፣ ዙሀይራ። ዙሀይራ እኩያዬ ናት፤ እንደ እኔና እንደ ወንድዬ ከስልጤ በኩል መጥታ እዚሁ የቀረች የሦስት ልጆች እናት። ሌንሳ የአጋርፋ ልጅ ናት፤ ስትመጣ የመስታወት መጥረጊያ እንኳን አይታ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ምንጣፍ የሚያጥበውን ማሽን ከእሷ በቀር ማናችንም በወጉ አናሠራውም። እኔ ስነካው ውሃ ይተፋብኛል። ወንድዬ «ሰው የገዛ ቤቱን ለማስጠረግ ብር ይከፍላል?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከርሞ፣ ዘንድሮ ማሾፉን ትቶ ማስፈራራት ጀምሯል። ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል ኪራይ ሲጎድል የሚሞላው ከሱቁ ነው። «ወር በወር የሚገባ ሥራ ካላገኘሽ ይሸጥና ወደ ባንኮኒው ተመለሽ» ብሎኛል።

የወይዘሮ አሰፋች ቤት ያ ሥራ ነበር። ለእሁድ የልጃቸው አማቾች ለሽምግልና ይመጣሉ፤ ቤቱ ለዚያ ቀን ይጸዳል። ካማራቸው ከዚያ በኋላ በየወሩ እንድንመጣ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ላስብበት» ሲሉኝ መቀመጥ ቢያቅተኝ አይፈረድብኝም።

ረቡዕ ከሰዓት ደወሉ።

«ጠጄ፣ ሌላ ሰው ካንቺ በግማሽ አጸዳለሁ ብላኛለች።»

«ማን ናት እማማ? ከተማው ውስጥ ያለነውን ሁሉ አውቃለሁ።»

«ሌንሳ ትባላለች። ያን ዕለት ካንቺ ጋር መጥታ የነበረችው አይደለችም እንዴ?»

ዐይኔ ጭልም አለ። ሌንሳ የዚያኑ ረቡዕ ጠዋት «እናቴ አሟታል» ብላ ከሥራ ቀርታ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው! ያስተማርኳት ልጅ፣ ከምበላው ያበላኋት ልጅ፣ ከኋላዬ ዞራ ዋጋዬን ሰበረችው። ልናገር ስል ወይዘሮ አሰፋች አላናገሩኝም።

«ስሚኝ። ከአንድ ማዕድ የበላችሁ ሰዎች ናችሁ። በእኔ ቤት ሰበብ አትጣሉም፤ ልጄ የምትታጭበት ቤት ነው፤ ቂም አይጠረግበትም። ነገ ሁለታችሁም ኑና አራራ ይሁን።»

አራራ በኦሮምኛ እርቅ ነው። ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ፤ ጥፋተኛው ይቅርታ ይላል፤ ይበላና ይኬዳል። በድንበርና በባልና ሚስት ነገር አውቀዋለሁ። ደንበኛ በገዛ ቤቷ የጽዳት ዋጋ ሽማግሌ ሆና ስትቀመጥ ግን ሰምቼም አላውቅ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጎባ ተራ ይዞ የቆመ ሚኒባስ አንድ ብቻ ነበር። ገባሁ። ሌንሳ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የቀረው ቦታ አጠገቧ ነው። ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ እጄ በልማድ የሁለት ሰው ብር ሰጠ። ሌንሳ የራሷን ታሪፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ቀስ ብላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ከስድብ ይከብዳል። ጎባ ሳንደርስ መኪናው ሲንገጫገጭ ብሩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማናችንም አላነሳነውም።

ወይዘሮ አሰፋች ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወፍራም ጋቢ ደርበው ሳሎናቸው መካከል ተቀምጠዋል። ጎባ ፀሐይ ወጥቶም ቤት ውስጥ ብርድ ነው፤ ትንፋሻችን ይታያል። ሌንሳ ዝቅ ብላ «አካም ጂርቱ» አለቻቸው፤ «ፈያ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ሳሟት። «ኢንተላ ኮ» ሲሉ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ እኔን «ልጄ» አላሉኝም። ቅናት ያዘኝ ብል አላፍርም።

«ነገሩ ሳያልቅ እህል ውሃ የለም» አሉ። «ጠጄ፣ ተቀመጪ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ቆሞ የሚናገር ሰው ሊሄድ ነው ይባላል። ተቀመጪ።»

የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያም ዘረገፍኩት። ውሸቷን፣ ዝምታዋን፣ ያስተማርኳትን፣ ሁሉን አወጣሁ። ሌንሳ መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ወይዘሮ አሰፋች ማንንም አልተቆጡም።

«ሰማሁ። አሁን ዋጋችሁን ዘርዝራችሁ ንገሩኝ። ብሬን የምከፍለው ለምን ለምን እንደሆነ ልወቅ። አንቺ ስንት ነበር ያልሽኝ?»

«አሥራ ሁለት ሺህ።»

«የመጨረሻውስ?»

«ዘጠኝ።»

«እና ሦስቱ ሺህ ምን ነበር?»

«መከራከሪያ ነዋ እማማ! ያለ መከራከሪያ ዋጋ የሚጠራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሌንሳ። «አምስት ሺህ ብዬ የመጨረሻዬን ነው የነገርኳቸው። አምስት መቶ አስቀነሱኝ።»

ወይዘሮ አሰፋች ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ ሳላስቀንስ ብከፍል የተታለልኩ አይመስለኝም? ለማንኛውም አራት ሺህ አምስት መቶ ይሁን። ሌንሳ፣ ውሃውን ከየት ታመጫለሽ?»

«ግቢው ውስጥ ቧንቧ አይቻለሁ።»

«ቧንቧው አለ፤ ውሃው በሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ነው።»

ሌንሳ በመስኮቱ ወደ ግቢው ቧንቧ ተመለከተች። እኔ ግን ቦታዬ ላይ መርጋት አቃተኝ፤ ይህ ፈተና የማውቀው ነው። «ስድስት ክፍል፣ ሁለት መታጠቢያ፣ ምንጣፍ፣ ኮሪደር! አንድ ባጃጅ ሙሉ ጀሪካን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። እኔ ቤቱን ሳይ መጀመሪያ የማየው ታንከሩን ነው» አልኩ። «ሴራሚኩ ላይ የተንጠባጠበው ሲሚንቶ በላርጎ አይለቅም፤ አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ ጓንት ይበላል። ምንጣፉ በዚህ ብርድ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ዐርብ ታጥቦ ቅዳሜ ተመልሰን እናዞረዋለን። ቅዳሜም መኪና ይከፈላል። እንግዳ መጥቶ ‹እዚህ ጋ ቆሽሿል› ቢል በነጻ እንመለሳለን።»

«ማሽኑንስ?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች ወደ ሌንሳ ዞረው። «ምንጣፉን በምን ልታጥቢው ነበር?»

ሌንሳ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው።

«ከእትዬ ጠጄ እዋሳለሁ ብዬ ነበር።»

«ከእኔ?!»

«መቼ ከልክለውኝ ያውቃሉ?» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ተንኮል የለም። «ባለፈው ለአክስቴ ቤት ስጠይቅዎት ሰጡኝ።»

ወይዘሮ አሰፋች ሳቃቸውን በጋቢው ጫፍ ሸፈኑ። እኔ መሳቅም መጮህም አማረኝ። ሥራዬን ወስዳ፣ በእኔው ማሽን! ግን እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር ወንፊትም ሰፌድም በሬም ይዋዋሳል፤ የጠየቀን መከልከል ነውር ነው። ልጅቱ ማሽኑ እንደ ወንፊት የማያልቅ ዕቃ መስሏታል። ሞተሩ መቃጠሉን፣ አዲስ አበባ ተልኮ መሠራቱን ማን ነገራት? እኔ ለሠራተኛ ወጪዬን አውርቼ አላውቅም፤ ነጋዴ ወጪውን አያወራም።

ስለዚህ አወራሁ፤ አፌ ተከፈተ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ቤት ብፌ ስናንቀሳቅስ የተሰበረውን መስታወት፣ ከዚያ ወዲህ ለየቤቱ ለሰባራ የምይዘውን አንድ ሺህ ብር ነገርኳቸው። ሰው ክረምት ላይ «ነገ በጭቃ ለሚጨማለቅ» ብሎ ስለማያስጸዳ፣ ሥራ በሌለበት ወር የማሽኑን ክፍል ኪራይ የሚከፍለው የጥር ቤት እንደሆነም፤ ግብሩንም። ወይዘሮ አሰፋች በጣታቸው ጭናቸው ላይ እየጻፉ ደመሩ፤ የመዝገብ ቤት ሴት ናቸው።

«ሌንሳ፣ ውሃውን፣ አሲዱን፣ ባጃጁን፣ የማሽኑን ኪራይ ካወጣሽ፣ ላንቺና ለምታግዝሽ እህትሽ የሚተርፈው ያው የቀን ሠራተኛ ደሞዝ ነው።»

«ያንሳል እንጂ!» አልኩ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። «አንድ መስታወት ከተሰበረማ ከኪሷ ልትጨምር ነው።»

«ታዲያ ምን አተርፋለሁ ብለሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ?»

ሌንሳ እጆቿን ታያቸዋለች፤ ጣቶቿ በበረኪና ተላልጠዋል። የእኔም እንደዚያው ናቸው።

«አላወቅኩም ነበር» አለች። «ውሃውንም ማሽኑንም አላሰብኩትም። እውነታቸውን ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በእትዬ ጠጄ ዋጋ ውስጥ ውሃው አለ፤ ማሽኑ አለ፤ ገና ያልተሰበረው መስታወት አለ፤ ገና ያልመጣው ክረምት አለ። እኔ የት ነኝ?»

«ደሞዝሽ አለ እንጂ!»

«ስንት ነው?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች።

«በቀን ሦስት መቶ ሃምሳ። ከሌላው አላንስም፤ ይጠይቁ።»

«ሁለት ቀን፣ ሰባት መቶ። ለሰባራ ስንት ያዝሽ ነበር ያልሽኝ?»

መልሱን ያውቁታል፤ አሁን ነግሬያቸዋለሁ። «መስታወት ውድ ነው እማማ» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ተነሳሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ የአቧራውን ውፍረት በጣቴ ለካሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወይዘሮ አሰፋች ፈረዱ። ታናሽ ሆና ከታላቋ ኋላ መዞሯ፣ እናቷም ሳትታመም አሟታል ማለቷ የሌንሳ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ትጠይቅ። ሥራው የእኔ ነው፤ በዘጠኝ ሺህ። «አምስት መቶ ብር ግን የሽማግሌ ነው፤ ይቀነስልኝ» አሉ። ሽማግሌ የደከመበትን ከዋጋ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም፤ ክርክሩን ግን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ? «እሺ» አልኩ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ደግሞ፣ «የልጅቱንም ነገር እያት» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩ፤ ለሽማግሌ እሺ ነው የሚባለው።

ሌንሳ ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች። እንደ ወጉ ሳትደርስ ቀና አደረግኋት፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን። ጉንጯ ቀዝቅዞ ነበር። ገንፎ ቀረበ፤ ከአንድ ሳህን በላን። በሩ ላይ «ነገ በሁለት ሰዓት ሚኒባሱ መነሻ ጋ» አልኳት። «እሺ እትዬ ጠጄ» አለችኝ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። የደሞዙን ነገር፣ የወሩ ሥራ ከተረጋገጠ በኋላ ሃምሳ ብር ልጨምርላት በሆዴ ወሰንኩ። አልነገርኳትም። ያልተጠየቀ ዋጋ አይጠራም።

ዐርብ ጠዋት ሌንሳ አልመጣችም።

አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፤ ሁለተኛው ሞላ። ዙሀይራ ባልዲዎቹ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እኔ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር እመላለሳለሁ። ስልኳ አይነሳም። በመጨረሻ ማሽኑን ጣሪያ ላይ አስጭነን ሁለታችን ብቻ ሄድን። ጀሪካን የጫነው ባጃጅ ደረሰ፤ ውሃው ከመሬት በታች የወጣ በረዶ ይመስላል። ዙሀይራ መታጠቢያ ቤቱን ይዛ መፈተግ ጀመረች። እኔ ማሽኑን ከምንጣፉ ጋር አገናኘሁት። ጮኸ፤ ውሃውን ተፋብኝ፤ ቆመ። አጥፍቼ አበራሁት። እንደገና ተፋብኝ። ምንጣፉ ዛሬ ካልታጠበ ለእሁድ አይደርቅም፤ አማቾቹ በእርጥብ ምንጣፍ ላይ ይቆማሉ፤ የወሩ ሥራ ይቀራል፤ ማሽኑ ይሸጣል፤ እኔ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ባልዲ እሸጣለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ።

ማሽኑን ትቼ ዙሀይራ ጋ ገባሁ፤ አሲዱን እኔ ልያዝላት ብዬ። መፈተጌ ራሱ ቁጣ ነበር። ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ እጄ ጓንትና አሲድ ስለሆነ በክርኔ ድምፅ ማጉያውን ነክቼ እንደገና ደወልኩ። ተነሳ።

«የት ነሽ አንቺ?!»

«አጋርፋ ነኝ፣ እትዬ ጠጄ። እናቴ ጋ።»

«ትናንት እሺ ብለሽኝ አልነበረም? ገንፎ በልተን!»

«እሺ ያልኩት ለእርቁ ነው። ቂም የለኝም፤ ማርያምን። ሥራውን ግን አልተነጋገርንበትም።»

ደሜ ፈላ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ በውሃ የራሰው ምንጣፍ ትዝ አለኝና በረደ።

«ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«እርስዎ ይጥሩ።»

እኔ እንድጠራ! እድሜ ልኬን ስሸጥ ኖሬ የሚገዛው ይጥራ የሚል ሻጭ አላጋጠመኝም። «አራት መቶ» አልኩ። ስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅ ይሰማል፤ የሌንሳ አይሰማም።

«አራት መቶ ሃምሳ።»

ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እውነት ነው፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ።

«አምስት መቶ፣ ሌንሳ። አምስት መቶ ማን ይከፍልሻል? … እሺ ስድስት። ሰማሽኝ? ስድስት መቶ!» ግንባሬ ላይ ላብ አለ፤ በጎባ ብርድ። «ሰባት መቶ በቀን! እጥፉ ነው! አሁኑኑ ተነሺ!»

«እሺ፤ አሁን የሚነሳ መኪና አለ፤ እደርሳለሁ» አለች። «ማሽኑን አይንኩት፤ ቱቦው ዞሮብዎት ይሆናል» ብላ ዘጋችው።

ግድግዳው ላይ ተደግፌ ሳቅሁ። ምንጣፉ ተረፈ፤ ሥራው ተረፈ፤ ሌንሳ ተመለሰች። ሰባቱ መቶ እንኳን ያኔ አልቆረቆረኝም፤ ከዘጠኙ ሺህ፣ ከስምንቱ ሺህ አምስት መቶ ማለቴ ነው፣ አብቃቃዋለሁ። «መጣች!» አልኩ።

የብሩሹ ድምፅ ቆሟል። መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ዙሀይራ ተንበርክካ ከነበረበት ተረከዟ ላይ ተቀምጣ፣ ብሩሹን እርጥብ ቀሚሷ ላይ አጋድማ ታየኛለች። እሷም በቀን ሦስት መቶ ሃምሳ ናት፤ ከሌንሳ በፊት የመጣች፣ አንድ ቀን ቀርታ የማታውቅ።

«ዙሀይራ፣ የእሷ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ማሽኑን ልል ነበር። አላለቀልኝም።

«ማታ ማታ ስትከፍዪኝ ‹አልሀምዱሊላህ› እላለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለአላህ ነው የምለው፣ ጠጄ። በቃኝ ብዬሽ አላውቅም።»

ብሩሹን አነሳች፤ ግን አልፈተገችም። መልሴን እየጠበቀች ነው።